ለተቀደደ ጡንቻ የግንደ ሕዋስ መርፌ ይበጃል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 46 ነው። ከአምስት ወር በፊት ኳስ ስጫወት የቀኝ ጭኔ የኋላ ጡንቻ ተቀደደ። በቅርቡ የተነሣሁት ኤምአርአይ ጡንቻው መግጠሙን፣ ግን ጠባሳ መያዙን ያሳያል። ስራመድ ደህና ነኝ፤ ልሮጥ ስል ይይዘኛል። ሕመሙ እስኪጠፋ ብዬ እግሬን አሳርፌ ኢቡፕሮፌን እየወሰድኩ ነው የከረምኩት። አንድ ክሊኒክ ከሆዴ ስብ ግንደ ሕዋስ አውጥቶ በሦስት ዙር መርፌ ቢወጋኝ አዲስ ጡንቻ እንደሚበቅልልኝ ነግሮኛል። የ74 ዓመቱ አባቴም ጭኑ እየሟሸሸ ስለሆነ ይረዳዋል ተብያለሁ። የጡንቻ ሕዋስ ቁጥሩ ስንወለድ የተወሰነ ነው፣ የሞተው አይተካም ሲባልም ሰምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ከውጭ ከማስገባት ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?»

ምላሽ፦

መርፌውን አይወጉ፤ አባትዎንም አያስወጉ። ጭንዎ ያጣው ግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ተባዝቶ አዳዲስ ሕዋሳትን የሚሠራ ሕዋስ፣ አይደለም። ሕዋሶቹ እዚያው ጡንቻዎ ውስጥ ናቸው፤ ያጡት ሥራ ነው። አምስት ወር ሙሉ ሸክም ያልቀመሰ ጡንቻ ሕዋሶቹን የሚቀሰቅስበት ምክንያት የለውም፣ ጠባሳውም ወደየት መደርደር እንዳለበት የሚመራው አላገኘም። ይህ ደግሞ የሚስተካከለው በመርፌ አይደለም።

የሰሙት ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የጡንቻ ክሮች ቁጥር በአብዛኛው የሚወሰነው በልደት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጡንቻ የሚያድገው ክሮቹ እየወፈሩና እየረዘሙ ነው። ነገር ግን አንድ የጡንቻ ክር እንደ ጉበት ሕዋስ ያለ ነጠላ ሕዋስ አይደለም። ብዙ ሕዋሳት ተዋህደው የሠሩት፣ መቶዎች አንዳንዴም ሺዎች ኒውክለሶችን የያዘ፣ በጭን ውስጥ ብዙ ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አካል ነው። በውስጡ ያሉት ኒውክለሶች ዳግም አይከፋፈሉም። «አይተካም» የተባለው ለእነሱ ይሠራል። ከክሩ ጎን ተለጥፎ ለተኛው ሕዋስ ግን አይሠራም።

ያንን ሕዋስ በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሌክሳንደር ማውሮ የእንቁራሪት ጡንቻን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር አገኘው። እያንዳንዱ የጡንቻ ክር ከራሱ ገለፈት ውጭ በኮላጅንና በላሚኒን የተሠራ ቀጭን ሰገባ ለብሷል። ሕዋሱ የተገኘው በገለፈቱና በሰገባው መሃል ተጣብቆ ነው፤ ከቦታው የተነሣ ሳተላይት ሕዋስ ተባለ። በአዋቂ ሰው ጡንቻ ውስጥ ከክሩ ጋር ከሚቆጠሩት ኒውክለሶች ከመቶ 2 እስከ 7 ያህሉ የእነዚህ ናቸው። ጥቂት ይመስላል፤ ይበቃል ግን። በ2005 በታተመ ጥናት ሰባት ያህል ሳተላይት ሕዋሳትን የያዘ አንድ የአይጥ ጡንቻ ክር ወደ ሌላ አይጥ ሲዛወር ከመቶ በላይ አዳዲስ ክሮች ሠርቷል። በ2011 ደግሞ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች እነዚህን ሕዋሳት ብቻ ለይተው ከአዋቂ አይጥ ሲያጠፉ የተጎዳ ጡንቻ ጨርሶ አልታደሰም። በዙሪያው የነበሩት የስብ፣ የደም ሥርና የመቅኔ ሕዋሳት አንዳቸውም ቦታቸውን ሊሸፍኑ አልቻሉም። የክሊኒኩን ተስፋ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከስብ የወጣ ሕዋስ ለምን ጡንቻ እንደማይሆን ለመረዳት ጡንቻ በጽንስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይረዳል። ከሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ወደፊት አከርካሪ በሚሆነው መስመር ግራና ቀኝ ሶማይት የሚባሉ ጥንድ ጥንድ ክፍልፋዮች ይደረደራሉ፤ በአምስተኛው ሳምንት ማብቂያ ቁጥራቸው 42 እስከ 44 ጥንድ ይደርሳል። የእጅ፣ የእግር፣ የድያፍራምና የምላስ ጡንቻዎች መነሻ የሆኑት ሕዋሳት ፓክስ3 የሚባለውን ጂን እንደያዙ ከሶማይቱ ተነቅለው ይሰደዳሉ። የፊትና የመንጋጋ ጡንቻ ግን ከሶማይት አይመጣም፣ ያለ ፓክስ3ም ይሠራል። (አንዳንድ የጡንቻ በሽታዎች ፊትን ትተው እጅና እግርን የሚያጠቁበት ወይም ተገላቢጦሹ የሚሆንበት ምክንያት አንዱ ከዚህ የሥር ልዩነት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም፤ እሱ ግን ሌላ ርዕስ ነው።)

ሕዋሳቱ ቦታቸው ሲደርሱ ኤምዋይኤፍ5 እና ማዮዲ የሚባሉት ጂኖች ይበራሉ። ሕዋሳቱም ይባዛሉ፤ ከዚያ ማዮጂኒን የሚባለው ጂን ሲበራ መባዛታቸውን አቁመው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፣ ገለፈታቸውን ከፍተው ይዋሃዳሉ። ለመዋሃዱ የግድ የሚያስፈልጉት ሁለት ፕሮቲኖች ማዮሜከርና ማዮመርጀር የታወቁት በ2013ና በ2017 ነው። በሰው እጅና እግር ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ክሮች በስምንተኛው ሳምንት ግድም ይታያሉ፤ በቁጥር የሚበልጡት የሁለተኛው ዙር ክሮች እነሱን ተደግፈው ይሠራሉ። ከዘሮቹ ጥቂቶቹ ሳይዋሃዱ ይቀሩና ሰገባው ሲሠራ ከሥሩ ገብተው ያንቀላፋሉ፤ መለያቸው ፓክስ7 ነው። በእንቅልፍ የሚያቆያቸው ከክሩ የሚደርሳቸው ኖች የሚባል መልእክት ነው።

የስብ ሕዋስ ይህን ሁሉ መንገድ አልሄደም። በ1987 ማዮዲ ብቻውን ወደ ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሳት ሲገባ ወደ ጡንቻ እንደለወጣቸው ታይቷል፤ ሆኖም ጂኑን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማስገባት ያስፈለገው ሕዋሱ በራሱ ስለማያበራው ነው። ከሆድ ስብ ተጠልሎ በመርፌ የሚሰጠው ድብልቅ የስብ ቅድመ ሕዋስ፣ የደም ሥር ሕዋስና የነጭ የደም ሕዋስ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በጡንቻ ውስጥ ቢገባ ወደ ጡንቻ የሚለወጥ መጠን ቢኖር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አብዛኛው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት ብግነትን የሚያስታግሡ ፕሮቲኖች ሊለቅ ይችላል፤ ሻጮቹ «ሠራ» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው። ጊዜያዊ የሕመም መቀነስና የጡንቻ መታደስ ግን አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ቁስሉ ጠጋ ብለን እንይ። ክር ሲበጠስ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይጎርፋል፣ ጫፎቹ ይሸሻሉ፤ ጉዳቱ መላውን ክር እንዳይበላ ከስብራቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የተኮማተረ ግድግዳ ይፈጠራል። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ማክሮፋጆች ይተኳቸዋል። ቀድመው የሚመጡት ማክሮፋጆች ፍርስራሹን ይበላሉ፣ ሳተላይት ሕዋሳቱም እንዲባዙ ይገፋሉ። ቆይተው ጠባያቸው ይለወጣል፦ ብግነቱን ያበርዳሉ፣ ሕዋሳቱን ከመባዛት ወደ መዋሃድ ይመልሳሉ። የነቃው ሳተላይት ሕዋስ ለመጀመሪያው መከፋፈል ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ ቀጣዮቹ ይፈጥናሉ። ክሩ ሞቶ የተራቆተውን ሰገባ እንደ ሐዲድ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተጓዘ ይባዛል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ግድም በሰገባው ውስጥ ቀጫጭን አዳዲስ ክሮች ይታያሉ፤ ኒውክለሶቻቸው ገና መሃል ላይ ተሰልፈው ስለሚገኙ ከአሮጌው ክር በማይክሮስኮፕ በቀላሉ ይለያሉ። ለመብሰል ሳምንታት፣ ሙሉ ጥንካሬ ለማግኘት ወራት ይፈልጋሉ፣ ነርቭም ሊደርሳቸው ይገባል። ነርቭ ያልደረሰው አዲስ ክር ቀጭን ሆኖ ይቀራል። እነዚህ ቀናት በአብዛኛው ከአይጥ ሙከራ የተገኙ ናቸው፤ በሰው ላይ ይዘገያል።

ሰገባው ሳይቀደድ ክሩ ብቻ ከሞተ፣ ለምሳሌ ባልለመዱት ከባድ ልምምድ፣ ጡንቻው ያለ ጠባሳ ይድናል። የእርስዎ ሰገባ ግን ተቀዷል። በክፍተቱ ደም ይረጋል፤ በክሮቹ መካከል የሚኖሩ፣ ኮላጅን የሚያመርቱ፣ ሁኔታው ሲከፋ ወደ ስብ የሚለወጡ ሌሎች ሕዋሳት ይባዙና ቦታውን ይሞላሉ። እነዚህም ጠላት አይደሉም፤ ሳተላይት ሕዋሳትን የሚያግዙ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፣ በጤናማ ጥገና ሥራቸውን ሲጨርሱ ማክሮፋጆች እንዲሞቱ ያደርጓቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ብግነቱ ሳይበርድ ሲንዘላዘል፣ ደሙ ሲበዛ ወይም ቁስሉ ደጋግሞ ሲቀደድ ነው፤ ያኔ ሳይሞቱ ይቀሩና ኮላጅን መከመሩን ይቀጥላሉ። ከሆድ ስብ የሚወጡት ሕዋሳት ዝምድናቸው ለሳተላይት ሕዋስ ሳይሆን ለእነዚህ መሆኑን ልብ ይበሉ። ጠባሳ በያዘ ጡንቻ ላይ የጠባሳ ሠሪዎችን ዘመድ መጨመር ምን ይፈይዳል?

ኤምአርአዩ ላይ የታየው ጠባሳ ብቻውን አያስደንግጥዎ። ይህን ጡንቻ የተጎዱ፣ ድነው ወደ ሜዳ የተመለሱ ሰዎች ምስል ሲነሣ በአብዛኞቹ ላይ አሁንም ለውጥ ይታያል። የክሮቹ ጫፎች ጠባሳውን እንደ ትንሽ ጅማት ቆንጥጠው ኃይል ያስተላልፉበታል። መለካት ያለበት ጡንቻው ምን ያህል ይስባል፣ ሲለጠጥስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ልዩ የሚሆነው ከጡንቻው አምስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ከጠፋ ነው፤ በፍንዳታ ወይም በመኪና አደጋ እንደሚሆነው። ያኔ ሰገባውም ሕዋሱም አብረው ስለጠፉ ሰውነት ብቻውን አይተካውም። የእርስዎ ጉዳት ያ አይደለም።

«ትክክለኛው የጡንቻ ግንደ ሕዋስ ቢወጋስ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ተሞክሯል፤ በዱሼን የጡንቻ መመንመን በሽታ። በ1989 በአይጥ ላይ ተስፋ ሰጭ ውጤት ከታየ በኋላ ከጤናማ ለጋሽ የተወሰዱ የጡንቻ ቅድመ ሕዋሳት በታመሙ ልጆች ክንድ ላይ ተወጉ። በ1995 ይፋ በሆነው ሙከራ 12 ልጆች በወር አንዴ ለስድስት ወር ቢወጉም ጥንካሬያቸው አልጨመረም። ምክንያቶቹ ዛሬም አልተወገዱም። ከተወጉት ሕዋሳት አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሞታሉ። የተረፉትም መርፌው ካለፈበት መስመር ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይርቁም። የሌላ ሰው ከሆኑ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ያጠፋቸዋል። በዚህ ላይ ለመርፌ የሚበቃ ቁጥር ለማግኘት በፕላስቲክ ሳህን ላይ ማባዛት ግድ ነው፣ በዚያ ላይ ሲባዙ ግንደ ሕዋስነታቸውን ያጣሉ። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እንደ ጡንቻ በለሰለሰ፣ 12 ኪሎፓስካል ገደማ ጥንካሬ ባለው ጄል ላይ የተቀመጡት ችሎታቸውን ይዘው ሲቆዩ፣ ከዚያ በመቶ ሺዎች እጥፍ በሚጠነክረው ፕላስቲክ ላይ ያሉት አጥተውታል። ሕዋሱ የሚኖርበት ሰፈር ከሕዋሱ እኩል ይወስናል ማለት ነው።

የተሻለ ዕድል ያለው በትናንሽ ጡንቻዎች ነው። ዓይንና ጉሮሮን በሚያጠቃ አንድ የውርስ በሽታ 12 ሕሙማን የራሳቸው የጡንቻ ሕዋስ ጉሮሯቸው ላይ ተወግቶ ውጤቱ በ2014 ታትሟል፤ ሽንት መቆጣጠር ላቃታቸው ሴቶችም በሽንት ቧንቧ ጡንቻ ላይ ይሞከራል። ጥቂት ግራም በሆነ ጡንቻ ውስጥ የሚሊ ሜትሮች ጉዞ ሊበቃ ይችላል። ለጭን አይበቃም።

አደጋውን በተመለከተ «የራስዎ ሕዋስ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለውን አይመኑ። ፍሎሪዳ ውስጥ በ2015 ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች ብርሃናቸውን በከፊል ወይም በሙሉ አጥተዋል፤ ጉዳዩ በ2017 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። በ2009 ደግሞ ከጽንስ የተገኘ የነርቭ ግንደ ሕዋስ በውጭ አገር የተወጋ አንድ ልጅ አንጎል ውስጥ ከለጋሹ ሕዋስ ዕጢ ማደጉ ተዘግቧል። ጭን ዓይን አይደለም፤ ቢሆንም ስብ መምጠጡ ደም ሊያፈስ፣ መርፌው ቁስል ሊያመግል፣ ሳይበርድ የቆየውን ብግነት ዳግም ሊቀሰቅስ ይችላል። ክሊኒኩ «ምርምር ነው» ካለዎት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ከሕዋሱ ስንት በመቶው በሕይወት አለ፣ ስንት በመቶው የጡንቻ ቅድመ ሕዋስ መለያ የሆነውን ሲዲ56 ወይም ፓክስ7 ይይዛል፣ ማነጻጸሪያ ቡድን አለ ወይ፣ ለምን እኔ እከፍላለሁ? የመጨረሻው ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ምናልባት በምትኩ ከደምዎ የተጠለለ ፕላዝማ እንዲወጉ ይቀርብልዎት ይሆናል። ለዚሁ ጡንቻ በ80 ስፖርተኞች ላይ ተሞክሮ በ2014 ታትሟል፤ ፕላዝማ የተወጉትም የጨው ውኃ የተወጉትም ወደ ስፖርት የተመለሱበት መካከለኛ ጊዜ 42 ቀን ነው። እኩል።

ስለ ኢቡፕሮፌኑ፦ ያቁሙት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሕመም መውሰዱ አያስወቅስም፤ ለወራት መውሰድ ግን ማክሮፋጆች ሳተላይት ሕዋሳቱን የሚጠሩበትን መልእክት ያደክማል። ወጣት አዋቂዎች በቀን 1200 ሚሊ ግራም እየወሰዱ ለስምንት ሳምንት በክብደት ሲለማመዱ፣ አነስተኛ አስፒሪን ከወሰዱት ይልቅ ጡንቻቸው ያደገው በጣም ያነሰ ነበር። በአረጋውያን ላይ ተመሳሳይ ጉዳት አልታየም፤ ለእነሱ ግን ጨጓራ፣ ኩላሊትና የደም ግፊት አለ። ከልምምድ በኋላ በበረዶ ውኃ መነከርንም ይተዉ። በ2015 ውጤቱ በወጣ የ12 ሳምንት ጥናት ከክብደት በኋላ 10 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ የተቀመጡት የሳተላይት ሕዋስ ቁጥራቸውም የጡንቻ እድገታቸውም ከሌሎቹ አንሷል።

ማረፉ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። የተቀደደ ጡንቻ ከ3 እስከ 5 ቀን ከከባድ ሸክም ማረፍ አለበት፤ ወዲያው በኃይል ከተሳበ አዲሱ ጠባሳ ይቀደዳልና። በአሥረኛው ቀን ግድም ግን ጠባሳው ከጡንቻው ይልቅ ደካማው ቦታ መሆኑ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መሳብ ኮላጅኑን በኃይሉ አቅጣጫ ይደረድረዋል፣ አዳዲሶቹን ክሮች ያወፍራል፣ ነርቩንም ይጠራል። በ2017 በታተመ ጥናት ጭናቸውን ወይም ባታቸውን የተጎዱ 50 አማተር ስፖርተኞች ሁለት ቡድን ተከፍለው፣ በሁለተኛው ቀን ልምምድ የጀመሩት በ62.5 ቀን ሲድኑ፣ በዘጠነኛው ቀን የጀመሩት 83 ቀን ፈጅቶባቸዋል። የሰባት ቀን መዘግየት ሦስት ሳምንት አስከፈለ። እርስዎ አምስት ወር ዘግይተዋል፤ ቢሆንም ሳተላይት ሕዋሳቱ ስለሚጠብቁ አልመሸም።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ያስመርምሩ። የመጀመሪያው ጅማቱ ከመቀመጫ አጥንት ተነቅሎ እንደሆነ ነው፤ ጠንካራ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከመቀመጫ ሥር የሚወጋ ሕመም ካለ ኤምአርአዩን የአጥንት ቀዶ ሐኪም በድጋሚ ይየው፣ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ከሸሸ ወሬው ወደ ቀዶ ሕክምና ይዞራል። ሁለተኛው ከጭን እስከ እግር ጣት የሚወርድ መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ነው፤ ጠባሳ ትልቁን የጭን ነርቭ ሲይዝ እንዲህ ያደርጋል። ሁለቱም ከሌሉ ፊዚዮቴራፒስት ይዘው እንዲህ ይሂዱ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሳይንቀሳቀሱ መሳብ ነው። በጀርባዎ ተኝተው ተረከዝዎን ወንበር ላይ ያድርጉ፣ ወገብዎን ከወለል አንስተው ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይያዙ፤ አምስት ጊዜ፣ ቀን በቀን። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲቀልልዎ በአንድ። ሕመም ከአሥር ነጥብ እስከ ሦስት ድረስ ይፈቀዳል፣ በማግስቱ ጠዋት ግን መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ በአንድ ደረጃ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ትንሽ ሲያመው ጨርሶ ያርፋል፣ ሲሻለው ሜዳ ገብቶ ይሮጣል፣ ከዚያ ያው ቦታ ይቀደዳል።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ክብደት ይጨመራል። ጉልበትዎን ጥቂት አጠፍ አድርገው፣ ጀርባዎን ሳያጎብጡ፣ በእጅዎ ክብደት ይዘው ከወገብ ወደ ፊት ይጎንበሱ፤ ሲወርዱ አራት ሰከንድ ይቁጠሩ። ከ8 እስከ 10 ድግግሞሽ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። በመጨረሻው ዙር ሁለት ተጨማሪ ድግግሞሽ የሚያስችል ጉልበት ሲተርፍዎ ክብደቱን ከመቶ 5 እስከ 10 ይጨምሩ። ቀስ ብሎ መውረዱ ለይስሙላ አይደለም፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ኃይል ሲያወጣ ክሮቹ በርዝመት ይጨምራሉ፣ ይህ ጡንቻ የሚቀደደውም በሩጫ ላይ እግር ከፊት ሲዘረጋ፣ ማለትም ረዝሞ ባለበት ቅጽበት ነው።

ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ በጉልበት ተንበርክከው፣ ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚትዎን ይዞልዎ፣ ሰውነትዎን ቀጥ አድርገው ቀስ እያሉ ወደ ፊት የሚወድቁበትን ልምምድ ይጨምሩ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ዙር በአምስት አምስት ድግግሞሽ ይጀምሩ፤ በስድስት ሳምንት ወደ ሦስት ዙር በስምንት ያድርሱት። ይህ ልምምድ በቡድን ስፖርት ውስጥ የዚህን ጡንቻ ጉዳት ወደ ግማሽ ያህል ቀንሷል። ከዚሁ ጎን ሩጫ በሙሉ ፍጥነትዎ ከመቶ 50 ይጀምራል፣ 40 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በየሳምንቱ ከመቶ 10 እየጨመሩ። ከመቶ 90 በላይ የሚሮጡት የቀኙ እግር ጥንካሬ ከግራው በመቶ 10 ብቻ ወይም ከዚያ በታች ሲያንስ፣ እግርዎን ቀጥ አድርገው ሲያነሡ ሁለቱ እኩል ሲሄዱ፣ ቦታው ሲነካም ሳያምም ነው። ጠባሳውን በኃይል ማሸትና ጥግ ድረስ መለጠጥ አያፈርሰውም፤ ያሳምማል እንጂ።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም፦ በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን፣ 70 ኪሎ ከሆኑ 112 ግራም፣ በሦስት ወይም በአራት ገበታ ተከፋፍሎ። የኩላሊት ሕመም ካለ ይህን መጠን ሐኪም ሳይፈቅድ አይጀምሩ። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ በተለይ የኮሌስትሮል መድኃኒት ስታቲን የሚወስዱ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አባትዎን በሚመለከት መጀመሪያ መሟሸሹ በእርግጥ እርጅና መሆኑን ያረጋግጡ። በወራት ውስጥ የመጣ፣ ከአንድ ወገን የበለጠ፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከመደንዘዝ ጋር የሆነ መሟሸሽ እርጅና ብቻ አይደለም፤ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ፣ የወገብ ነርቭ መጨቆን፣ ዕጢም ሊሆን ይችላል። የደም ምርመራና የነርቭ ፍተሻ ይቅደም።

እርጅና ከሆነ ደግሞ መርፌው የሚያመልጠው ነገር አለ። በአረጋውያን ጡንቻ ሳተላይት ሕዋስ ይቀንሳል፣ በተለይ ፈጣኖቹ በሚባሉት፣ በቶሎና በኃይል በሚኮማተሩት ክሮች ዙሪያ፤ የተረፉትም ይዘገያሉ። ነገር ግን በ2005 ያረጀና ወጣት አይጥ የደም ዝውውራቸው እንዲጋራ ሲደረግ የአሮጌው አይጥ ሕዋሳት እንደ ወጣት ጠግነዋል። ሕዋሱ ችሎታውን አልጣለም፣ የሚያዳምጠው መልእክት ነው የደበዘዘው። በሰው ላይ መልእክቱን የምናጎላበት የታወቀ መንገድ ክብደት ነው፦ የ12 ሳምንት የክብደት ልምምድ በአረጋውያን ፈጣን ክሮች ዙሪያ የሳተላይት ሕዋስ ቁጥር ጨምሯል። በ1990 በታተመ ጥናት ደግሞ በእንክብካቤ ማእከል የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ ደካማ አረጋውያን በስምንት ሳምንት የጭን ጥንካሬያቸው በአማካይ ከመቶ 174 አድጓል። ብዙው እድገት የነርቭ ነው፤ የጭን ጡንቻቸው ስፋት የጨመረው ከመቶ 9 ያህል ብቻ ነበርና። ለሰውየው ግን ከወንበር መነሣት መቻሉ ነው የሚገባው።

ለአባትዎ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ ተነሥቶ ይቀመጥ፣ ሰዓት ይያዙለት፤ ከ15 ሰከንድ ከበለጠ ጡንቻው ደክሟል። ልምምዱም ያው ነው፦ ከወንበር መነሣት፣ ሦስት ዙር በስምንት፣ ሲቀልለው በእጁ ክብደት ይዞ፣ ከዚያ ወንበሩን ዝቅ አድርጎ። ፕሮቲኑ በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም፣ ኩላሊቱ ከተመረመረ በኋላ። የልብ ሕመም ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ካለ ሐኪሙ ይፍቀድለት፤ ሲያነሣም ትንፋሹን አይያዝ። በየአራት ሳምንቱ ያንኑ ሰዓት ይድገሙለት።

እርስዎ ክብደቱን በእርግጥ እየጨመሩ 12 ሳምንት ሠርተው በጥንካሬ ምንም ለውጥ ካላዩ፣ ወይም ጡንቻው ያው ቦታ ላይ ዳግም ከተቀደደ፣ የሚቀጥለው እርምጃ በስፖርት ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም ዘንድ አዲስ ኤምአርአይና የነርቭ ፍተሻ ማድረግ ነው። የጅማቱ መያያዣና በጠባሳው ሥር የሚያልፈው ነርቭ በዚያ ምርመራ ተለይተው ይታዩ።